ኮሎኝን ላለማየት

አውሮፓ መጥቶ ከተማ ላለማየት እንደ እኔ የደከመ ሰው የለም። ሌላው ገና ወረቀቱ እጁ ሳይገባ ፓሪስ ሄዶ ከማማው ሥር ፎቶ ይልካል። እኔ ግን ባቡር በየሰዓቱ ወደ ሁሉም አገር በሚነሳበት በፍራንክፈርት ተቀምጬ፣ አንዱም ላይ ሳልሳፈር ጸጉሬ ሸበተ። ፈርቼ አይደለም። ሰንፌም አይደለም፣ ስንፍናውን ባልክድም። ቃል ገብቼ ነው።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ሆና ቪዛ ትጠብቅ ነበር። የጀርመንኛ ፈተና እለፊ አሏት፤ አለፈች። ወረቀት አምጪ አሏት፤ አመጣች። ያመጣችው ወረቀት እስኪታይ የሌላው ወረቀት ጊዜ አለፈ። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ታዲያ በመጀመሪያው ሰሞን፣ አንድ እሁድ ሃይድልበርግ ሄጄ ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሳሁና ላክሁላት። ሁልጊዜ ወዲያው ትመልስ ነበር፤ ያን ቀን አልመለሰችም። ቆይታ ስትደውል ድምጿ ቀዝቅዟል።

«አምሮብሃል» አለችኝ።

«እኔማ ድሮም ያምርብኛል፤ ድልድዩ ነው ያማረበት።»

«ግን ሁሉን ብቻህን አይተህ ከጨረስክ እኔ መጥቼ ምን ላደርግ ነው? አስጎብኚ ልትሆነኝ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቀልድ ያላዋጣበት ቦታ ሲገጥመኝ ማድረግ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማጋነን። «ከዛሬ ጀምሮ» አልኳት፣ «ፍራንክፈርትን የማያት ስለምኖርባት ነው፤ ምን ላድርግ። ሌላ ከተማ ላይ ግን ካንቺ ጋር ካልሆነ ዐይኔን አልገልጥም!»

«ኮሎኝንም?»

ኮሎኝን ያለችበት ምክንያት ነበራት። በምትማርበት የጀርመንኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የኮሎኝ ባለ ሁለት ሹል ካቴድራል ነበር። ግሥ ስታረባ፣ ስትሳሳት፣ መጽሐፉን ዘግታ ስትተክዝ የምታየው እሱን ነው።

«ኮሎኝንማ ዋናዋን!» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ብሎ ይረሳው ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ካወራሁት ውስጥ ሲሶው እውነት ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ አንዷን እንኳ እውነት ላድርጋት ብዬ ሙጭጭ አልኩ። የማኅበራችን ሰዎች አውቶቡስ ተከራይተው ፓሪስ ሲሄዱ፣ እዚያው ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር ካለው ቤቴ ወርጄ በርገር ጎዳና ላይ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። አምስተርዳም ሠርግ ተጠራሁ፤ አመመኝ አልኩ። «ሚስቱ ናት ወይስ ንስሐ አባቱ?» እያሉ ቀለዱብኝ።

እንዲያም ሆኖ ከተማ አላውቅም አልልም። ሥራዬ ፍሉግሃፈን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው። ሻንጣ እጭናለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ። አውሮፓን በጀርባዬ ነው የማውቃት። ሮም ከባድ ናት፤ ጫማ ታበዛለች። ሊዝበን ቀለል ትላለች። ስቶክሆልም ሹራብ በሹራብ ናት፣ ብትጥላትም ድምፅ አታሰማም። ቪየና ውስጧ የሚንኳኳ ነገር አይጠፋም። የአዲስ አበባን ሻንጣ ሳላይ እለየዋለሁ፤ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ ከሩቅ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ሳነሳው ያስነጥሰኛል፤ ሳስነጥስም ሆዴ ይባባል።

እና አንድ ቀን ቪዛው ተመታ።

ይህን የሰሙ አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ብራስልስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት፣ በሳምንቱ ከች አሉ። «ሙሽራ በዚህ ቤት አይገባም» አሉ ገና በሩን ሳያልፉ። ግድግዳውን አዩ፣ ሶፋዬን አዩ፣ ሶፋዬ ላይ የተከመረውን ልብስ አዩ። «ይሄ ቤት ነው ወይስ መጋዘን? ሥራህን ቤት ድረስ ይዘኸው ትመጣለህ እንዴ?» መጋረጃ ተቀየረ። ድስት ተገዛ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጀርመናዊ ሽማግሌ ሳይቀሩ ደረጃው ላይ ሲያገኟቸው ቀጥ ብለው ይቆሙ ጀመር።

አክስቴ ሙሽሪትን ተቀብለው ሊሄዱ ነበር ሐሳባቸው። ነገር ግን በረራው በአንድ ቀን ተገፋ፤ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ብራስልስ ላይ የዐይን ሐኪም ቴርሚን አላቸው። ቴርሚን የሚባለውን ቀጠሮ አውሮፓ የኖረ ያውቀዋል። ሠርግ ይተላለፋል፣ ቀብርም ይተላለፋል፣ ቴርሚን ግን ካለፈህ ሌላ እስክታገኝ ዐይንህ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይድናል። ስለዚህ አክስቴ የሚሄዱበትና ባለቤቴ የምትገባበት ቀን አንድ ሆነ።

እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ። የብራስልሱ ባቡር ከዋናው ጣቢያ ተነስቶ ፍሉግሃፈን ላይ ይቆማል። አክስቴን እዚያው አሳፍሬ፣ እዚያው ዞሬ፣ ባለቤቴን በአበባ እቀበላለሁ። ከባቡሩ እስከ መውጫው በር በእግር የትም አይደለም። መካከል ላይ ቡና እንኳ እጠጣለሁ። ይህን ዕቅድ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ እንደ ጦር አዛዥ በጣቴ እየጠቆምኩ ነበር።

ባቡሩ መጣ። የአክስቴን ሻንጣ አነሳሁ። እንደ ባለሙያ ልናገርና ድንጋይ ነው። ይዤው ወጣሁ፣ መቀመጫቸውን ፈለግሁ፣ ሻንጣውን ከላይ ሰቀልኩ፣ አስቀመጥኳቸው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። እስከዚህ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ዘወር ስል እጄን ያዙኝ።

«ናማ፣ ሳልመርቅህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድ። ምን ይደረጋል? «አክስቴ፣ በሩ ሊዘጋ ነው፤ ምርቃቱን በስልክ ይላኩልኝ» ይባላል? ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ትዳርህን ያሙቅልህ።»

«አሜን።»

«ከክፉ ይሰውርህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው።»

«አሜን።»

ውጭ ፉጨት ተነፋ።

«አሜን፣ አክስቴ፣ አሜን...»

«ቆይ አትቸኩል። ልጅ ይስጥህ፣ እህል ከቤትህ አይጥፋ፣ መንገድህን ሁሉ ያቅናልህ!»

«አሜን!» ብዬ ቀና ስል መንገዱ ቀንቷል። የጣቢያው መሳፈሪያ መድረክ በመስኮቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቀበያ ብዬ የገዛሁት አበባ መድረኩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይሸኘናል።

በሩ ጋ ሮጥኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጀርመን የሠራው በር መለማመጥ አያውቅም። ስመለስ አክስቴ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ጮክ ብለው መከሩኝ፦

«ወራጅ አለ በላቸዋ!»

«አክስቴ፣ ይሄ ባቡር ነው።»

«ቢሆንስ? ሰው ከሰው አይነጋገርም?»

ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያስቀመጠች፣ ብዙ ነገር ያየች ሴት ናት። ትኬት የለኝም፣ ሰው ልሸኝ ነው የገባሁት አልኳት።

«ሸኝተው ለምን አልወረዱም?»

«ምርቃት ላይ ነበርኩ። ትልልቅ ሰዎች ሲመርቁን አቋርጠን አንሄድም።»

«ውጭ መድረኩ ላይ መጨረስ አይቻልም ነበር?»

«መድረኩ ላይም ተጀምሮ ነበር።»

አክስቴን አየቻቸው። አክስቴም አዩዋት፤ ፈገግ ብለው እሷንም በአማርኛ መረቋት። ምን እንዳሉ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ትኬት ቆረጠችልኝ። «ቀጣዩ ማቆሚያ ኮሎኝ ነው» አለች። «እስከዚያ ይቀመጡ። የቀረ ምርቃት ካለ ጊዜ አላችሁ።»

ኮሎኝ! ከከተማ ሁሉ ኮሎኝ!

እንግዲህ ሁለት ጭንቀት ባንድ ጊዜ ያዘኝ። ባለቤቴ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ቀይራ አየር ላይ ናት፤ ስታርፍ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔን ትፈልጋለች። የጀርመን ስልክ የላትም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በሩ ላይ ቆሜ እንደምጠብቃት ስነግራት ኖሬ፣ ያቺ ቀን ስትደርስ በሩ ላይ የለሁም። ቀልዱ ሁሉ አለቀብኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በሚወጣበት መድረሻ በር አካባቢ የምትሠራ አንዲት የጽዳት ባልደረባ አለችኝ፤ ኤርትራዊት፣ አማርኛዋን በትግርኛ ቃና የምታወራ፣ የኔን ቀልድ በቀልድ የምትመልስ። ደወልኩላት።

«አንታ ሰውዬ! ዛሬማ ሙሽራ ነህ አሉ፤ አበባህ የታለ?»

«አበባው ጣቢያው ወንበር ላይ ነው። እኔ ወደ ኮሎኝ እየሄድኩ ነው።»

ሳቋ ስልኩን ሊሰነጥቀው። ስትጨርስ «እንዴት ነው የማውቃት?» አለችኝ።

«ከአውሮፕላኑ ከሚወርዱት ሁሉ ቆንጆዋ ናት።»

«ከዚህ በር የሚወጣ ሁሉ ፊቱ አብጦ ነው የሚወጣው። ቆንጆ አይቼበት አላውቅም። በቃ ተወው፣ እኔ አውቃለሁ» ብላ ዘጋችብኝ።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ በኮረብታ እየገባ በኮረብታ ሲወጣ፣ ጉዳዩን ለአክስቴ ነገርኳቸው። ስለ ቃሉ፣ ስለ መጽሐፉ ሽፋን። አክስቴ ሰምተው ሲያበቁ «ሞኝ ነህ» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «ግን ቃል ነው» አሉ።

ወደ ኮሎኝ ሲቀረብ ባቡሩ ራይን ወንዝን በትልቅ የብረት ድልድይ ያቋርጣል። ካቴድራሉ ከወንዙ ማዶ፣ ጣቢያው ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ስልኩን ወደ መስኮት አዙሯል። እኔ በሁለት እጄ ዐይኔን ያዝኩ።

«ኧረ ተው፣ በጣትህ መሃል ታያለህ» አሉ አክስቴና ሻርፓቸውን አውልቀው ፊቴ ላይ ጣሉት። ጫፉን ከኋላ አሰሩት። «በል አሁን አታይም።» ከዚያ ግን እሳቸው ራሳቸውን መያዝ አልቻሉም። «ኡኡ! አንተ! ይሄ በሰው እጅ የተሠራ ነው? ጠቁሯል ደግሞ፣ እንደ ጭስ ቤት። ሁለቱን ቀንዶቹን ብታየው!»

«አክስቴ አይንገሩኝ!»

«አልነገርኩህም፣ ለራሴ ነው የማወራው። ወይ ጉድ! መስኮቱ ብቻ የኛን ቤተ ክርስቲያን ያህላል!»

ጆሮዬን ደፈንኩ። አስቡት፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ፊቱ በሴት ሻርፕ ታስሮ፣ ጣቱን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ ጀርመን ሁሉ በሚያይበት ሠረገላ ተቀምጧል። ማዶ የተቀመጠ አንድ ሕፃን እናቱን «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ጆሮዬን ደፍኜም ሰማሁት።

ባቡሩ ቆመ። ሻርፑን ፈትቼ፣ ዐይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አክስቴ ናቸው።

«የት ነው?»

«ልሸኝህ ነዋ። እስከ ታች።»

«አክስቴ! በልጅዎት ይሁንብዎት! አይውረዱ!» ወደ ውስጥ መለስ አድርጌያቸው፣ ከመድረኩ ላይ ቆሜ፣ በሩ እስኪዘጋ እጄን እንደ ትራፊክ ዘርግቼ ጠበቅሁ። በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አሁንም እየመረቁ ነው። ከውጭ ሆኜ አሜን አልኩ።

ወደ ፍራንክፈርት የሚመለሰው ባቡር እስኪመጣ መድረኩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። በየት በኩል ጀርባ እንደሚሰጥ ያወቅሁት ሰው ሁሉ ከሚያየው በተቃራኒ በመዞር ነው። ኮሎኝን እንግዲህ በዚህ ልክ አውቃታለሁ፤ ጫማዎች፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ አንዲት ወፍራም እርግብ። ወዲያው ሁለት ጃፓናውያን፣ ባልና ሚስት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ስልክ ዘረጉልኝና በምልክት ከካቴድራሉ ጋር አንሱን አሉኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ስልኩን ተቀበልኩ፣ ወደ እነሱ አቅጣጫ ያዝኩት፣ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ተጫንኩ። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። እዚያ ፎቶ ላይ ማን እንደወጣ እግዜር ይወቀው፤ እርግቧ ሳትሆን አትቀርም።

የመልሱ ባቡር ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ባልደረባዬ የላከችው ፎቶ ነው። ካርቶን ቀድዳ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ በኛው ፊደል፣ ከእጇ መዳፍ በሚበልጥ ጽሕፈት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «የቀልደኛው ሚስት»። ከካርቶኑ ጀርባ ከሻንጣ ጋሪ ጋር ቆማ፣ አፏን በእጇ ይዛ የምትስቅ ሴት አለች። ፊቷ አብጧል። ጸጉሯ ተጫጭኗል። እንዳልኩት ነው፤ ከአውሮፕላኑ ቆንጆዋ።

ከፎቶው ሥር ባልደረባዬ ጽፋለች፦ «ካርቶኑን እንዳየች ቀጥ ብላ መጣች። አልጠየቀችም።»

ፍሉግሃፈን ስደርስ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ መሮጤን የሥራ አለቃዬ ቢያይ ከዚያን ቀን ጀምሮ እረፍት ይከለክለኝ ነበር። መድረኩ ላይ አበባው የለም፤ አንድ እድለኛ ወስዶታል። መድረሻው በር ጋ ስደርስ ሁለቱ ሴቶች ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። የጽዳት ጋሪው አጠገባቸው ቆሟል። ከተዋወቁ ሃያ ዓመት የሞላቸው ይመስላሉ፤ የሚያሙትም እኔን ነው።

ባለቤቴ አየችኝ። ተነሳች።

«ኮሎኝ እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«አላየኋትም።»

«ደርሰህ አይደል የመጣኸው?»

«ደርሻለሁ። አላየኋትም።»

«ውሸታም» አለች ባልደረባዬ ቆሎዋን እየቆረጠመች። «ካቴድራሉ እኮ ጣቢያው አናት ላይ ነው።»

የኔ ችግር ይኼ ነው። ለብዙ ዓመት ያጋነንኩት ሁሉ ተሰብስቦ አንዷን እውነቴን ሊበላት ሆነ። ባለቤቴ ፊቴን ትመረምራለች፤ አልሳቀችም። ልክ እንደዚያ እንደ ሃይድልበርጉ ቀን። ስልኬን አወጣሁና አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩን ለሷ ሰጠኋት። ምንም አልነገርኳቸውም፤ ሰላምታውም ሳያልቅ ራሳቸው ጀመሩ። ድምፃቸው እስከኔ ይሰማል።

«ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ያንን ባልሽን አደራ። ያመዋል መሰለኝ። ያን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ፊቱን በሻርፔ አስሬለት፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ አክስቴ አይንገሩኝ እያለ ሲጮህ ሰው አሳቀብኝ። ቃል ነው አለኝ፤ ካንቺ ጋር ካልሆነ አላይም ብሎ...»

አክስቴ ቀጠሉ፤ ባለቤቴ ግን መስማቱን ትታለች። ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«እውነትህን ነው» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።»

ያኔ ሳቀች። በስልክ የማውቀው ሳቋ ሁልጊዜ መካከል ላይ ይቆረጥ ነበር፤ መስመሩ ነበር የሚቆርጠው። ይኼኛው አልተቆረጠም። እያቀፈችኝም ቀጠለ፣ አንገቴ ውስጥ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ባልደረባዬ «በሉ በሉ፣ ወለሉን አሁን ነው የጠረግሁት» አለችን።

ባልደረባዬ ሻንጣ ይዛ እስከ ኤስ-ባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ መድረክ ድረስ መጣች። ባቡሩ ሲቆም ሻንጣውን እየገፋች ገባች፣ አስተካክላ አቆመችው፣ ባለቤቴን ሳመቻት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልትስማት ስትል...

«ውረጂ!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ዘላ ወረደች። በሩ ከጋቢዋ ጫፍ ጋር ሊዘጋ ለጥቂት ነበር፤ የሥራ ልብሷን ማለቴ ነው፣ ጋቢ አልለበሰችም፣ እዚህ ላይ አጋነንኩ።

ባቡሩ ወደ ከተማው ተንቀሳቀሰ። ባለቤቴ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ ዛፍ ታያለች፣ ሰው ታያለች፣ የጣቢያ ስም እየተንተባተበች ታነባለች። ማይን ወንዝ ጋ ልንደርስ ስንል እጄን ዐይኗ ላይ አደረግሁ።

«ምን ሆነሃል?»

«ቆይ።»

ድልድዩ ላይ ስንወጣ አነሳሁላት። ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶም ፎቆቹ ሁሉ በማታ ፀሐይ ቆመዋል። ስንት ዓመት ከሥራ ስመለስ እንቅልፍ እየጣለኝ ያለፍኩት ድልድይ ነው። ባለቤቴ ከሁሉ የሚረዝመውን ጠቆመችኝ።

«ያ ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። የቤታችን ማዕድ ቤት ነው ልላት ነበር።

«ወጥቼበት አላውቅም» አልኳት። «አንቺን ስጠብቅ።»

«እሺ፣ ነገ እሱ» አለች። «ቅዳሜ ኮሎኝ።»

«ቅዳሜ ሥራ ገቢ ነኝ።»

«ቀይረዋ!»

ስልኬን አውጥቼ ተረኛ ለሚመድበው አለቃዬ እዚያው መጻፍ ጀመርኩ።